ዶክተር ሶፋ ሰላም የማትላቸው ሰዎች

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፦ ዘመዱ ሳይኮሎጂ የተማረችበት እና ገና ያልተማረችበት። ሁለተኞቹ ተመችቷቸው ይኖራሉ። ህልማቸውን አይተው ይነሣሉ፣ ሻያቸው ላይ ስኳር አብዝተው ይጠጣሉ፣ ሲናደዱ ይናደዳሉ፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እኛ የመጀመሪያዎቹ ግን ያለ ምርመራ ማዛጋት እንኳ አልተፈቀደልንም።

የእኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ቀን ቀን አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራለች፤ ከሥራ ስትወጣ የምክር አገልግሎትና የሥነ ልቦና ሕክምና ትማራለች። ማዕረጓን የሰጠኋት እኔ ነኝ፦ ክብርት ዶክተር ሶፋ። ዲግሪው ገና ነው፤ ሶፋው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ነበራት። ቤቷ የገባ ሰው ሁሉ እሱ ላይ ተጋድሞ ስለ እናቱ ይጠየቃል። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ሰውዬ ተጋድሞ፣ አልቅሶ፣ ተጽናንቶ፣ ቆጣሪውን ሳያነብ ሄዷል።

የሥራ ቦታዋም ለዚህ ጉዳይ የተመቸ ነው። ጉንጩ ያበጠ ሰው አፉን በእጁ ይዞ ሲቁለጨለጭ ከጠረጴዛዋ ብቅ ትልና፣ በዚያ እንደ ማር በሚንጠባጠብ ድምጿ፣ "ሕመሙን እስቲ ግለጽልኝ፤ ጥርሱን ማለቴ አይደለም" ትለዋለች።

"እምምም" ይላል ሰውዬው።

"እየሰማሁህ ነው። ቀጥል።"

ከዚያ ቤት ጥርሱን ሳይነቀል፣ ከአባቱ ጋር ታርቆ የወጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ።

ችግሩ፣ ይሄ ሕክምና የሚሉት ነገር መንገዱ አንድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በየወሰነ ትምህርቱ አዲስ ንድፈ ሐሳብ ይመጣል፤ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ በማግስቱ እኛ ቤት ይወጣል።

መጀመሪያ የመጣው ስለ ድብቁ አእምሮ የሚያወራው ነበር። የዚያን ሰሞን ህልም ማየት ፈራን። ጡረታ የወጡት የሂሳብ መምህር አጎቴ አንድ እሑድ ጠዋት ከአፋቸው አምልጧቸው "ዛሬ በህልሜ ባቡር አመለጠኝ" አሉ። ያሉት ይኸው ነው። እሑዳቸው ሶፋው ላይ አለቀ። ባቡሩ አባታቸው ሆኖ ተገኘ፣ ጣቢያው እናታቸው ሆነች፤ ሻንጣው ምን እንደሆነ ግን አጎቴ እስከ ዛሬ ሊነግሩኝ ፈቃደኛ አይደሉም።

ቀጥሎ የባህሪ ሕክምና ገባ። ልጅነት ተረሳ፣ እናቶች ሁሉ በነፃ ተለቀቁ፤ አሁን ነገሩ ሽልማት ሆነ። እናቴ ሳታማርር ግማሽ ቀን ከዋለች ከረሜላ ታገኛለች ተባለ። የእናቴን ጠባይ የሚያውቅ ሰው ከረሜላው ከነቆርቆሮው ሳይነካ እንደተቀመጠ ይገባዋል።

ከዚያ ደግሞ ሰው ተኮር የሚሉት መጣ። ይሄኛው ምክር መስጠትን አይወድም፤ አማካሪው የተነገረውን በፍቅር መልሶ ይናገራል።

"ራሴን አመመኝ" አልኳት።

"ራስህን እያመመህ እንደሆነ ይሰማሃል።"

"አዎ። ክኒን አለሽ?"

"ክኒን ብታገኝ ደስ ይልሃል።"

"ስጪኛ ታዲያ!"

"አሁን ደግሞ ንዴት እሰማለሁ።"

ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፤ ሌላ ቦታ ያዘኝ።

ከሁሉም የከፋው ግን ባዶ ወንበሩ ነበር። ያኮረፍከውን ሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ አስመስለህ የሆድህን ትነግረዋለህ። የምውልበት ካፌ ውስጥ አንድ ወንበር ስቤ ልቀመጥ ስል "ተው! የአጎትህ የድሮ ርዕሰ መምህር ተቀምጠውበታል" ብላ ጮኸችብኝ። አጎቴ ጣታቸውን እያወዛወዙ ባዶውን ወንበር ሲገሥጹት አስተናጋጁ ቀስ ብሎ መጣና "እኚህኛውስ ምን ይጠጣሉ?" አለን።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው ወንድሜ ሥራ ያቆመው።

ታናሽ ወንድሜ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን ጠዋት ተሳፋሪ እንደሞላ ፌርማታ ላይ ቆመ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ "ይቅርታ አድርጉልኝ" ብሎ ወረደና በእግሩ ቤት መጣ። ሰው አልገጨም፤ ከማንም አልተጣላም። ከዚያ ወዲህ መሪ መጨበጥ ይቅርና፣ አውቶቡስ በሰፈሩ ሲያልፍ ከመስኮቱ ይሸሻል። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ወሬ የለ። መሥሪያ ቤቱ እስከ ወሩ መጨረሻ እረፍት ሰጠው፤ ካልተመለሰ በቦታው ሌላ ሹፌር ይመደባል። ሥራው እንኳ ይቅር፤ ያ በቀልዱ ቤት የሚያናውጥ ልጅ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ አንጀታችንን በላው።

ደግነቱ ዶክተር ሶፋ አለችልን ተባባልን። ለካ የለችም! በዚያ ወሰነ ትምህርት የያዘችው ኮርስ የሙያ ሥነ ምግባር ነበር።

እናቴ አስጠራቻት። መጣችና በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

"እትዬ፣ እኔ እሱን ማማከር አልችልም።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ዘመዴ ነዋ። ለአንድ ሰው ዘመድም አማካሪም መሆን አይፈቀድም። ደግሞ ተማሪ ነኝ፤ አቅሜን ማወቅ አለብኝ። ደግሞ እሱ ራሱ መቼ ጠየቀኝ?"

"የውሃ ቆጣሪው ሰውዬ ጠይቆሽ ነበር?" አለች እናቴ።

ዶክተር ሶፋ አንገቷን ደፋች። "እሱንም ይቅርታ ልጠይቀው እየፈለግኩት ነው" አለች።

በዚህ አላበቃችም። ከሥነ ምግባሩ ትምህርት አንድ ሕግ ይዛ ወጣች፦ ምስጢሩን ያካፈለህን ሰው መንገድ ላይ ስታገኘው ቀድመህ ሰላም አትለውም። አብሮት ያለው ሰው "ከየት ትተዋወቃላችሁ?" ቢለው ምን ይመልሳል? እሱ ሰላም ካለህ ግን ትመልሳለህ። መልካም ሕግ ነው፤ ለሌላ ሰው። ሶፋዋ ላይ ግን ያልተጋደመ የሰፈር ሰው የለም! እናም ክብርትነቷ አንገቷን እንደ ምሰሶ አቅንታ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ዘግታ፣ ጫማ ሰፊውን ዘግታ፣ አጎቴን ዘግታ መንገዱን ታቋርጣለች። እናቴን ቤት ውስጥ አገላብጣ ስማት፣ ከበር ሲወጡ አታውቃትም። "ምን አድርገናት ነው?" ይለኛል ጫማ ሰፊው። ከመንደሩ ሁሉ በአደባባይ ሰላም የምትለው እኔን ብቻ ሆነ፤ እየቀለድኩ ከሶፋዋ ያመለጥኩት እኔ ብቻ ነኛ።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። አማካሪዋ እጇን ስትሰበስብ እኛ ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ለካ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳናውቀው ተምረን ኖሯል፤ በማግስቱ ቤታችን ክሊኒክ ሆነ። አጎቴ ድብቁን አእምሮ ያዙ፤ ልጁ ዓይኑን ሳይገልጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው "ባቡር አየህ? ሻንጣስ?" ይሉታል። እናቴ ከረሜላዋን ይዛ፣ ከክፍሉ አንሥታ እስከ ውጭው በር ድረስ በመስመር ደረደረችው፤ ልጇ እየለቀመ ወጥቶ በዚያው አውቶቡስ ውስጥ እንዲገባላት። ከሁሉም የባስኩት እኔ ደግሞ ባዶ ወንበር ፊቱ ጎትቼ፣ "አውቶቡሱ ይኸው እዚህ ተቀምጧል፤ የሆድህን ንገረው" አልኩት።

ወንድሜ ወንበሩን አየ። እኔን አየኝ። ከሰነበተበት ዝምታ የወጣችው ዐረፍተ ነገር ይህች ናት፦

"ወንድምዬ፣ ሕክምና የሚያስፈልግህስ አንተ ነህ።"

ጃኬቱን አንሥቶ፣ ከረሜላውን እየረጋገጠ ወጣ።

እናቴ ራሷን ያዘች። የት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ፣ ጉንጫቸው ካበጠ ሰዎች መሀል ተቀምጧል። ለምን እዚያ እንደሄደ ኋላ ሲነግረኝ፣ "ምንም ያልጠየቀችኝ እሷ ብቻ ስለሆነች" አለኝ። ዶክተር ሶፋ አይታው ድምጿን አላለሰለሰችም፤ ስለ እናቱም አላነሣችም። ውሃ ሰጠችው። ሰዉ ሲያልቅ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱም ራሱ ፈልጎ አወራ። ሲጨርስ እንዲህ አለችው፦

"ይሄ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ የሚችሉ ሴትዮ ግን አውቃለሁ። እስከ በሩ አብሬህ እሄዳለሁ። በሩን የምታንኳኳው ግን አንተ ነህ።"

ሴትዮዋ በሙያው ያረጁ የሥነ ልቦና ሐኪም ናቸው። ወንድሜ አንኳኳ፤ ገባ። በሌላም ቀን ገባ። እሷ በሩ ድረስ ትሸኘውና ወደ ጥርሶቿ ትመለሳለች።

እኛ ደግሞ ሸንጎ ተቀመጥን። ከሳሽ እናቴ፣ ዳኛ አጎቴ፣ ተከሳሽ ዶክተር ሶፋ።

"አምጬ የወለድኩት ልጄ ነው!" አለች እናቴ።

"አውቃለሁ እትዬ።"

"እኮ ምን ሆንኩ አለሽ?"

"እሱን ይጠይቁት። ነገሩ የሱ ነው።"

"አንዲት ቃል ብቻ! ሴት ናት? በሽታ ነው?"

"እትዬ" አለች፣ ወንበሯን ወደ እናቴ አስጠግታ። "በሕይወቱ ላይ የሚመጣ ነገር ቢሆን ኖሮ ዝም አልልም ነበር፤ ይህን ገና ሳይጀምር ለራሱም ነግሬዋለሁ። አደጋ ላይ አይደለም። ይህችን ያህል እንድነግርዎት እሱ ፈቅዶልኛል። ሌላውን ግን ቢቆርጡኝም አልናገርም።"

እናቴ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ለቀቀች፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለች፣ እዚያው በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰዳት። አጎቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ችሎቱ ተነሥቷል" አሉ።

እኔ ግን በዋዛ የምለቅ አይደለሁም። ካፌ ወሰድኳት፣ ትልቁን ኬክ አዘዝኩላት፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ "ለኔ ብቻ ንገሪኝ፤ ለማንም አልናገርም" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። አስተናጋጁም ሳቀ። ጥግ ላይ ጋዜጣ የሚያነብ፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ሰውዬም ሳቀ። ኬኩን በልታ ሄደች።

ወሩ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ከደጃችን ትይዩ ካለው ፌርማታ የአውቶቡስ ጥሩምባ ቤቱን አናጋው። በመስኮት ብናይ መሪው ላይ ወንድሜ! እናቴ ነጠላ ጫማዋ ከአንዱ እግሯ ጠፍቶ፣ አጎቴ መነጽራቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሁላችን ሮጠን ተሳፈርን። በሚቀጥለው ፌርማታ ዶክተር ሶፋ ገባች። ሹፌሩን አላየችውም። እናቴንና አጎቴንም አላየቻቸውም፤ ለእኔ ብቻ በዓይኗ ሰላም አለችኝ። አንገቷን እንዳቀናች ከኋላ ሄዳ ተቀመጠችና መስኮቱን ትመረምር ጀመር።

ወንድሜ በመስታወቱ አያት። ከዚያ ተሳፋሪው በሙሉ እስኪዞር ድረስ ጮክ ብሎ ተጣራ፦

"ዶክተር ሶፋ! ሰላም ብያለሁ እኮ! አሁን ተፈቅዶልሻል!"

እሷ ቦርሳዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ አለቀሰችም መሰለኝ፤ ከቦርሳው በስተጀርባ ምን እንደሆነ አልታየኝም። "ሰላም ነህ ወይ የኔ ጌታ" አለች። እናቴ የከረሜላ ቆርቆሮዋን ከጉያዋ አውጥታ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አደለች። አጎቴ መነጽራቸውን እየወለወሉ "ይኸው፣ አላመለጠኝም" አሉ፤ ስለ ባቡሩ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ወንድሜን ምን እንደነካው እስከ ዛሬ አላውቅም። እናቴም አታውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታችን ውስጥ ለመንደር ያልተረፈ ወሬ አለ፤ ሁላችንም እንደ ውድ ዕቃ በዳር በዳሩ እናልፈዋለን።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ፣ ጥርሴን ሳያመኝ ጉንጬን ይዤ፣ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ።

"የትኛው ጥርስህ ነው?" አለችኝ ዶክተር ሶፋ።

"ጥርሴን አይደለም።"

ተነሥታ ውሃ ቀዳችልኝ፤ መጥታም አጠገቤ ተቀመጠች። "እንደ እህትህ ነው የምሰማህ፤ እንደ አማካሪ አይደለም። ከከበደ ወደ ሴትዮዋ እወስድሃለሁ። ተስማማን?"

"ተስማማን።"

ነገርኳት። ምን እንደነገርኳት እናንተን ምን አገባችሁ? እንዲህ ቀልሎኝ ከጥርስ ሐኪም ቤት የወጣ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

በማግስቱ ከጓደኞቼ ጋር ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ክብርት ዶክተር ሶፋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ብቅ አለች። አፍንጫዬ ሥር አለፈች። አንገቷ ቀጥ እንዳለ፣ ዓይኗ መብራት ምሰሶው ላይ እንደተተከለ፣ ቃል ሳይወጣት፣ ዞር እንኳ ሳትል ሄደች።

"ምነው፣ አንተንም ዘጋችህ? ተጣላችሁ እንዴ?" አሉኝ ጓደኞቼ።

"እኔ እንጃላት" አልኩና ሻዬ ላይ ስኳር አበዛሁበት። እንዲያ ደስ ብሎኝ የተዘጋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።