የአቶ ይገዙ የዕረፍት ቀን መመሪያ

ዕረፍት ለተራ ሰው መተኛት ነው፤ ለአቶ ይገዙ ግን የዕቅድ አፈጻጸም ጉዳይ ነው።

አገር ቤት የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፓርኪንግ ቢሠሩም ኃላፊነቱ አልለቀቃቸውም፤ እንዲያውም የሚያዙት ሠራተኛ ስላጡ ጠቅላላው ቤተሰቡ ላይ ወደቀ። በ1984 ሰመር፣ አንድ ዓርብ፣ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ሶፋ ላይ ሰብስበው ውሳኔ አነበቡ።

"ቤተሰቡ ነገ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ተጉዞ ይዝናናል። መዝናናት ግዴታ ነው።"

"ቤት ብንቀመጥስ?" አለች ሚስታቸው ዘርትሁን። ሳምንቱን ሙሉ መጦሪያ ቤት ደብል ሺፍት ቆማ ሠርታ እግሯ አብጧል። የምትመኘው ጫማዋን አውልቃ ቁጭ ማለትን ብቻ ነው።

"መቀመጥ ኋላ ቀርነት ነው" አሉ ሰብሳቢው። "የሠለጠነ ሰው ይጓዛል።"

በነጋታው የሠለጠነው ቤተሰብ ወንዙ ዳር ታየ። አቶ ይገዙ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰው ጉዞውን ይመራሉ። መምራት ሁለት እጅ ስለሚፈልግ የወጡ ድስት፣ ቴርሞሱ፣ ብርድ ልብሱና ታጣፊው ወንበር ዘርትሁን ላይ ሆኑ። ወንበሩ አልተዘረጋም፤ የመቀመጫው ሰዓት በፕሮግራሙ መሠረት ገና ነው።

አንድ የሥዕል መሸጫ ደጃፍ ሲደርሱ አሮጌ የፈረንሳይ ሥዕሎች በር ላይ ተሰቅለዋል። አንደኛው ላይ ቦርጫም ሰውዬ ባሕር ዳርቻ ቆሞ፣ ቅርጫት አንገቱ ላይ፣ ሻንጣ በብብቱ፣ ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ላቡ ይንቆረቆራል።

አቶ ይገዙ በሳቅ ሞቱ።

"እዩልኝ ይህን ጅል! ዕረፍት ወጥቶ እንደ አህያ ተጭኖ!"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እሳቸው ግን ያማሰሉት በሙሉ ክብር ነው።

"ኢትስ አ ጆክ፣ ዳዲ" አለች ልጃቸው ኤልሳቤጥ ሥዕሉ ሥር ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንብባ። "መቶ ዓመት ሆኖታል። ቫኬሽን የሚሄዱ ሰዎች ላይ እየቀለዱ ነው።"

ዘርትሁን አልሳቀችም። ሥዕሉ ላይ ከሰውዬው ኋላ ዣንጥላ ሥር ያለችው ሴት ናት ዓይኗን የያዘቻት።

"ይቺ ሴትዮስ ምን ትሠራለች?"

"ናቲንግ፣ ማሚ። ጀስት ተቀምጣለች።"

"ሚስቱ ናት?"

"የስ።"

"መቶ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ!" ዘርትሁን ደሟ ፈላ።

ባሏን ድስቱን አስታቀፈቻቸው። ቴርሞሱን አንገታቸው ላይ አንጠለጠለች፣ ብርድ ልብሱን ትከሻቸው ላይ ጣለች። ከዚያ ወንበሯን እግረኛ መንገዱ ላይ ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ ዘፍ አለች። ተመስገን!

"ምን ነካሽ? ሰው ያየናል እኮ! ፕሮግራሙስ?"

"አንተ ፈጽመው።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ይዤ ወዴት ልሂድ?" አሉ፣ ላባቸው ከረባታቸው ላይ እየተንጠባጠበ።

ዘርትሁን ቀና ብላ አየቻቸው። ፀሐይዋ ከጀርባቸው ነበረች።

"የትም። እዚያው ቁም፤ ጥላህ ደርሶኛል።"