ከበር የማያልፈው አባት

በኮሎምበስ የፈረንጆቹ የጭምብል በዓል ሃሎዊን ሲደርስ ብቅ የሚል አንድ ዓይነት አባት አለ፤ ታውቁታላችሁ? ልጁን ፓርቲው ድረስ ያመጣል፣ እሱ ግን ከበሩ አያልፍም። ቢያልፍ ሃይማኖቱ የሚፈርስ ይመስለዋል። የልጁስ? እሱን አልጠየቅኩም፤ እናንተም አትጠይቁት።

አምና ብሌንደን ታውንሺፕ ያለው ቤቴ ደጃፍ ላይ የቆሙት ጋሼ መኮንን ነበሩ።

«ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ!»

«አይ፣ እዚሁ ይሻለኛል። እኔ የሰይጣን ጨዋታ ውስጥ የለሁበትም።»

ውስጥ ደግሞ ዋናው ጨዋታ ሊጀመር ነው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመርጥና በሶፍት ጠቅልሎ የጥንት ግብፆችን አስከሬን ያስመስለዋል፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ልጆቹ ሰው ሲሻሙ የጋሼ መኮንን ልጅ ሊዲያ ሶፍቷን ታቅፋ ብቻዋን ቀረች። እኔ ዳኛ ነኝ፤ ምን ላድርግ? ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወደ በሩ ዞረች።

«ዳዲ፣ ፕሊስ!»

ጋሼ መኮንን አማተቡና ገቡ።

እጃቸውን ከጎናቸው አጣብቀው ቀጥ አሉ። ሊዲያ እየዞረች ጠቀለለቻቸው። «ዶንት ሙቭ!» ስትላቸው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ጮኸ፤ አላነሱም። አፍንጫቸውን ሲበላቸው በዓይኔ አየሁ፤ አላከኩም። ለቅዳሴ እንኳ እንዲህ ጸጥ ብለው ቆመው ያውቁ ይሆን? እንጃ።

ሁለተኛ ወጡ። ሊዲያ ግን ያሸነፈች ያህል ዘላ ስታቅፋቸው ሶፍቱ ተበጣጥሶ ወለሉን ሞላው። መጥረጊያ ላመጣ ስነሳ ፊታቸው ላይ ከቀረው ወረቀት ውስጥ የታፈነ ድምፅ ጠራኝ።

«ቆይ፣ አንቺ ልጅ! ሌላ ዙር የለም እንዴ?»