ገዳሪፍ ላይ ሰርዶ መዝራት

ሰው ሰርቆ ይሰደባል። ዋሽቶም ይሰደባል። ሣር ልዘራ ነው ብሎ የተሰደበ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይኸው እኔ አለሁላችሁ። ያውም በሦስት ቋንቋ ነው የተሰደብኩት። ባማርኛ እብድ፣ በዓረብኛ መጅኑን፣ በትግርኛ ዕቡድ ተባልኩ። የሱዳኗ ገዳሪፍ እንዲህ ናት፤ ስድብ እንኳ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

እድሪስ እባላለሁ። ጎንደር ቆላው ውስጥ ገበሬ ቤት ተወልጄ፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሳሙናና ስኳር፣ የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ ስሸጥ ፀጉሬ ሸበተ። ሰው ሁሉ "ሐጅ እድሪስ" ይለኛል። መካን ግን የማውቃት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ምንጣፍ ነው። እዚህ አገር ከሸበትክ ሐጅ ነህ፤ አውሮፕላን አያስፈልግህም።

ቤታችን ሰፊ ሆሽ አለው። ሆሽ ማለት ግቢ ነው። ግን "ግቢ" ስላችሁ እንዳትንቁት። በዚህ ሙቀት ሰው የሚኖረው ግቢው ውስጥ ነው፤ ቤቱ ለዕቃ ነው የተሠራው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አልጋ ይወጣል፣ ሻይ ይፈላል፣ የመጣው ሁሉ ይቀመጣል። በእኛ ሆሽ መሀል ደግሞ ነጂላ ነበር። ነጂላ የሚሉት ያንን መሬት ለመሬት የሚሳበውን ሣር ነው፤ እኛ ሰርዶ የምንለውን። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከእርሻው ሰርዶ ሲነቅል ኖሮ፣ ሰርዶው ሳያልቅ እሱ አለቀ። ልጁ ሰርዶ በገንዘቡ ገዝቶ እንደሚዘራ ቢሰማ ከመቃብር ተነስቶ በጅራፍ ይሞሽልቀኝ ነበር። ግን ምን ላድርግ? እዚህ መጥቼ ተቀመጥኩበትና ወደድኩት።

ጦርነቱ ካርቱምን ሲያምስ የባለቤቴ የዘይነብ እህት ከነቤተሰቧ መጣች። ከነቤተሰቧ ስላችሁ እሷና ባሏ እንዳይመስላችሁ። የባሏ እናት፣ የባሏ ወንድሞች፣ የወንድሞቹ ሚስቶች ከነልጆቻቸው፣ በዚያ ላይ መንገድ ላይ የተዋወቋቸው ሁለት መምህራን። ሃያ ሦስት ነፍስ! ሣሩ ላይ ሸራ ተወጠረ፣ ምድጃ ተተከለ፣ ልብስ ታጠበ። ሁለት ክረምት አብረን ከረምን። ሲሄዱ ተቃቅፈን አለቀስን። ለሣሩ ግን ያለቀሰ የለም፤ እሱ ቀድሞ ሞቷል። ሐላል ይሁንላቸው። ሰው ይትረፍ እንጂ ሣር ይሙት።

የከፋው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ አሰነጣጠቁም ለጉድ ነው። የዘይነብ የወጥ ማማሰያ አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ እስከ ዛሬ አልወጣችም። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም በየክፍላችን ገብተን ስልክ ላይ ማፍጠጥ ጀመርን። ስልክ ላይ ደግሞ ያለው ወሬ አንድ ነው፤ ማን ከየት ሸሸ፣ ማን ወዴት ሊሸሽ ነው።

በዚህ ወሬ ዋናው አዋቂ የዘይነብ ወንድም ያሲን ነው። ግድግዳ ለግድግዳ ነን፤ ጫማ ይሸጣል። በ"አሰላሙ አለይኩም" ፋንታ "ታዲያ ወዴት እንሂድ?" ይላል። ሰኞ ወደ አገር እንግባ ይላል። ማክሰኞ አገር ያለ ዘመድ ይደውልና "እኛ እኮ ወደናንተ ልንመጣ ነው" ይለዋል። ረቡዕ ካሰላ፣ ሐሙስ የብስ ያለበት ሁሉ። ዘይነብም አንድ ቀን ወረቀታችንንና ሁለት ሁለት ልብስ በቦርሳ አድርጋ ከበሩ ኋላ አስቀመጠች። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ያ ቦርሳ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጁምዓ ከሶላት ስንመለስ አወጅኩ። ግቢውን ገልብጬ፣ የቀረውን ሥር ነቅዬ፣ ነጂላ ከዘር ጀምሬ ልዘራ ነው አልኩ።

ያሲን መጀመሪያ ሳቀ። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲያውቅ ተቆጣ። "ሰው ሻንጣ ሲያዘጋጅ አንተ ሣር? ለማን? ነገ ለምትሄድበት?" አለኝ።

እንግዲህ ተረቱን ታውቁታላችሁ። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ። ልጅ ሆነን እየሳቅን ነው የሰማነው። አሁን ግን ዙሪያዬን ሳይ አገሩ ሁሉ የአህያዋ ተማሪ ሆኗል። እኔ ከሄድኩ ምን አገባኝ፣ እኔ ካልበላሁት ምን ያደርግልኛል ነው። ለያሲን ይህንኑ ነገርኩት። አህያ አልከኝ ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈ።

ሌሎቹ ደግሞ መካሪዎች ሆኑ። ባሚያ ዝራ አሉኝ። ሙሉኪያ የሚሉትን የወጥ ቅጠል ዝራ። ቢያንስ ቃሪያ! ሣር ምኑ ይበላል? ይኼኔ ነው ደሜ የፈላው። እንዴ! ያልተበላ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው? ሁለት ዓመት ሙሉ ያወራነው ስለ ሆድና ስለ መንገድ ብቻ ነው። ከሆድና ከመንገድ ሌላ አንድ ነገር አማረኝ። ጫማዬን አውልቄ የምረግጠው ነገር አማረኝ። ወንጀል ነው?

አንድ ሰው ብቻ አልሳቀም። ባሽሙሐንዲስ፣ ማለት ዋና መሐንዲስ፣ ዑስማን የሚባል፣ በእርሻ ሥራ አርጅቶ ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ ጎረቤቴ ነው። ደብተር አምጣ አለኝ። አመጣሁ። አንድ ከሰዓት ሙሉ አጻፈኝ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አትዝራ፤ አረሙ ይብቀልና ንቀለው። ሁለተኛ ይብቀል፣ ሁለተኛ ንቀለው። ከዚያ አንድ ስንዝር ቆፍር፤ አሸዋና የበሰበሰ የፍየል ፍግ ቀላቅል፤ ዋልካ ብቻውን ውሃ አያሳልፍም። መሬቱን ከቤቱ ወደ በሩ ትንሽ አዘቅዝቀው። ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር አደባልቅ፣ ግማሹን በቁመት በትን፣ ግማሹን በአግድም። በላዩ አፈር ነካ አድርግለት እንጂ አትቅበረው። ከሰው ግቢ ቆርጬ ልትከል እንዳትል፤ የሰው ሣር የሰውን አረም ይዞ ይመጣል። "ከሁሉ በፊት ደግሞ" አለኝ፣ "ዘሩን እርጥብ ጨርቅ ላይ አድርገህ ሞክረው።"

መቆፈር ጀመርኩ። ሰው በበሩ እያለፈ ያያል። አንዱ ጎረቤት ገብቶ ጉድጓዱን ዞሮ ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ስንት ሰው ይይዛል?" አለኝ። መሸሸጊያ የምቆፍር መስሎታል! ለሣር ነው ስለው በጣም ቅር አለው። ለሚስቱና ለልጆቹ ቦታ ሊይዝ ነበር የመጣው። ያን ቀን ስቄ መሳቄ አሳፈረኝ። ተነስቼ ሻይ አስቀዳሁለት።

ዘሩን የሸጠልኝ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ነው። ነጂላ አለህ? ስለው "የፈለግከው ሁሉ አለኝ" አለ። ይኼኔ መሸሽ ነበረብኝ። እኔም ነጋዴ ነኝ፤ ሁሉ አለኝ የሚል ነጋዴ የጠየቅከው እንደሌለው አላጣሁትም። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ አረንጓዴ ቀለም ተለቅልቋል። ጉንዳን እንዳይበላው መድኃኒት ነው አለኝ። እውነትም እዚህ አገር የማሽላ ዘር በመድኃኒት ቀለም ታሽቶ ነው የሚዘራው። አመንኩ። ጨርቅ አርሼ ሞከርኩት። በሦስት ቀን አንድ ሳይቀር በቀለ። ዑስማን መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀና "ነጂላ በሦስት ቀን?" አለ። አዲስ ዓይነት ይሆናላ አልኩት። እሱ የተማረ፣ እኔ የቸኮልኩ። የተማረና የቸኮለ ሲከራከሩ ማን እንደሚያሸንፍ ታውቃላችሁ።

ዘራሁት። ዝናቡ ለስለስ ብሎ ጣለለት። በሳምንቱ ግቢዬ አረንጓዴ ሐር የለበሰ መሰለ። ሰው ከሌላ ሰፈር እየመጣ አየ። ያሲን ዝም አለ። በትዳሬ ዘመን ያሲን ዝም ያለባት ሳምንት ያቺ ብቻ ናት።

ከዚያ ሣሩ ቆመ። ነጂላ ይሳባል እንጂ አይቆምም። የእኔው ግን ቀጥ ብሎ ጉልበቴ ደረሰ። ዑስማን እጨደው አለኝ። ግድየለም ሥር ይስደድ አልኩ። አንድ ረፋድ ዘይነብ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ጎንበስ አለች። አንዷን ራስ ቀጠፈች። በመዳፏ አሸች፣ እፍ አለች፣ አየች። ከዚያ ልብሱን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ምን ሆንሽ ብዬ ሮጥኩ። መዳፏን ዘረጋችልኝ።

ጤፍ ነው።

"አንተ የገበሬ ልጅ!" አለችኝ እንባዋን እየጠረገች፤ "ቀለም ስለተቀባ ጤፍ ጠፋህ?"

መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ በወደድኩ፤ በክረምት ደግሞ አይሰነጠቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ያገሬ ሰው ሁሉ ሰማ። ጤፍ ገዳሪፍ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የኖረ ያውቃል። ጤፍ ከአገር ቤት የሚመጣበት መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የምንጋግረው ማሽላ ነው። እና ሰው ሊስቅብኝ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ሊያመሰግነኝ መጣ! ለካ ሐጅ ብልህ ነው፤ ሣር እያለ ሲያታልለን ውስጥ ውስጡን ጤፍ ይዘራል ተባለ። ከኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ልጇን ልትጠይቅ የመጣች አንዲት እናት ዛላውን ይዛ ሳመችው። ያሲንማ እጄን ጨብጦ "እኔ እኮ ጠርጥሬ ነበር" አለኝ። በሚቀጥለው ክረምት የሱንም ግቢ ጨምረን ጤፍ እንድናደርገው አማከረኝ።

እብድ ስባል አንድም ቀን አልከፋኝም። ብልህ ስባል ግን በገንኩ። ሣር ነው የዘራሁት! ብዬ ብጮህ ማን ይስማኝ? "እንዴታ፣ ሣር ነው" እያሉ ይጠቃቀሱብኛል። ሰው ያላሰበውን ሠርቶ ሲመሰገን ካሰበው ላይ እንደተሰረቀ ይሰማዋል።

ጤፉ ሲደርስ አጨድን፣ ሸራ ላይ ወቃን። ከምሸጣቸው ባልዲዎች አንዱን ሞላ። ለጎረቤት በጣሳ በጣሳ አደልነው፤ ዛላውን የሳመችው እናት ሁለት ጣሳ ደረሳት። ያሲን ድርሻውን ለዘር ይሁን ብሎ አስቀመጠ። እኔ ደግሞ በማግስቱ ዶማዬን አነሳሁ።

አሁንስ እውነትም አበደ ተባለ። ጤፍ ነቅሎ ሣር የሚዘራ! ደስ አለኝ፤ ወደ ስሜ ተመለስኩ። ዑስማን ካሰላ ካለ የድሮ ባልደረባው እውነተኛውን ዘር አስመጣልኝ። ጨርቅ ላይ ሞከርነው። ሳምንት አለፈው፣ ቆየ፣ ግማሹ ብቻ በቀለ። ዑስማን ፈገግ አለ። "ነጂላ እንዲህ ነው" አለ።

አንድ ችግር ቀረ። ዝናቡ አልቋል። ገዳሪፍ ውስጥ ውሃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው፤ ሰው ለመጠጥ ተሰልፎ ነው የሚያገኘው። ዘይነብ አንድ ቃል ተናገረች፤ "ከሚጠጣው አንዲት ጣሳ ለሣር ብታፈስ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ።" እዚህ ላይ አልተከራከርኩም። እልኸኛ ነኝ እንጂ ግፈኛ አይደለሁም።

አሰብኩ። ቤተሰቡ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ውዱእ ያደርጋል፤ እጁን፣ ፊቱን፣ እግሩን ይታጠባል። ያ ንጹሕ ውሃ ሲሚንቶ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ታዲያ ለምን ሣሩ ላይ አይፈስም? ዘሩን ዘርቼ በዳር ዳሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደርኩ፣ በርጩማና ጆግ አኖርኩ። ዙህር በዚህ ጥግ፣ ዐስር በዚያ ጥግ፣ መግሪብ መሀል ላይ በሳንቃ። ጎረቤት ሰማ። መጀመሪያ ዑስማን መጣ። ቀጥሎ ያ መሸሸጊያ የፈለገው ሰው መጣ። በኋላ ያሲንም ጆጉን ይዞ ብቅ አለ፤ "ለሶላቴ ነው፣ ለሣሩ አይደለም" እያለ። እግሩን ግን ከሁሉም ረዘም አድርጎ ነበር የሚታጠበው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን በቀለ። መጀመሪያ እንደ ጎረምሳ ጢም ነበር፤ እዚህ አለ፣ እዚያ የለም። ከዚያ መሳብ ጀመረ። ዘንድሮ ግቢውን ሞልቶታል። የዘይነብ ቦርሳ? ከበሩ ኋላ እዚያው አለ። ታወጣዋለች ብዬ ነበር። ጠየቅኳት። ሣሩም ይብቀል፣ ቦርሳውም ይቀመጥ፣ ሁለቱ ምን አጣላቸው? አለችኝ። አሰብኩበት። ምንም አላጣላቸውም።

ባለፈው ያሲን ከሰዓት መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ማንም ሳያዘው። መሀሉ ላይ ተቀመጠ፣ ሣሩን በእጁ ዳሰሰ። ሻይ ቀዳንለት። ጠጣ። ከዚያ አመሉ መጣበት። "እሺ፣ ነገ አንድ ነገር ቢመጣና ጥለን ብንወጣስ? ይኼን ሁሉ ሣር ማን ያጭደዋል?" አለ።

መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት ዘይነብ ቀደመችኝ።

"ያስወጣን ይጨደዋ!"