የክቡር ግን ሹመት

«ክቡር ግን» የሚባሉት የምክር ቤት አባል አምባሳደር ሆነው ሊሄዱ ነው ተባለ። የሚሄዱበት አገር ሩቅና ብርዳም ነው፤ ካፖርት ሲገዙ በዓይኑ ያየ ሰው አለ፤ ነገሩን መሃል ገብተው የጨረሱት የገንዘብ ሚኒስትሩ ናቸው፤ ሁለቱ ምክር ቤት ውስጥ የሚናከሱት ለካሜራ እንጂ ከጀርባ የልብ ወዳጆች ናቸው። ወሬው ጠዋት ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ወጣ። ለምሳ ሲመለስ ካፖርቱ ባለ ፀጉር አንገትጌ ሆኖ ነበር።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል። መላ ሲጨመርበት ደግሞ ይሄኛው ወሬ እግሩ አልጸና አለ። ሹመት «እሺ» ማለትን ይጠይቃል፤ ክቡር ግን «እሺ» ሲሉ የሰማ ሰው በሕይወት የለም። ቢሄዱ እንኳ በደረሱ ማግስት የአምባሳደሩ መኖሪያ ቤት ኪራይ ተጋነነ ብለው በራሳቸው ላይ አቤት ማለታቸው አይቀርም።

በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ፣ በየሕንፃው የነዋሪዎች ማኅበር፣ በየሠርጉ ኮሚቴ አንድ «ግን» ባይ አይጠፋም። ሰው ሁሉ ተስማምቶ፣ ቦርሳውን አንሥቶ፣ ግማሽ ጎኑ ከወንበር ሲነሣ እጁን የሚያወጣው እሱ ነው። ምክር ቤት ትልቅ ስብሰባ ስለሆነ የደረሰው ትልቁ ነው፤ የተቃዋሚዎቹ መሪ። ሌላው አባል «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ሲጀምር እሳቸው በባዶ ሜዳ «ግን» ብለው ነው የሚነሡት። ስማቸውንም ያተረፉት በዚሁ ነው።

አንድ ጊዜ ለሟች የምክር ቤት አባል የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደርጎ ሰው ሊቀመጥ ሲል፣ «ግን ደቂቃው አልሞላም» ብለው ሚኒስትሩንም ዘበኛውንም መልሰው አቆሙ። መንግሥት ታክቶት የራሳቸውን ሐሳብ ቃል በቃል ሕግ አድርጎ ያመጣ ዕለት ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። «ግን ዘገየ» አሉ። በሠርጋቸው ቀን ፈቃዳቸውን ሲጠየቁ «አዎ፣ ግን ድግሱ በዝቷል» ብለዋል ይባላል። ባለቤታቸው ይህን አያስተባብሉም። «ከዚያ ወዲህ አልደገመውም» ይላሉ። «እኛ ቤት ተቃዋሚ የለም፤ መንግሥቷ እኔ ነኝ።»

ባለፈው ወር ደግሞ የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩን ያዙ። ሚኒስትሩ ለውጭ ዜጎች ጉዳይ የሚሠራውን ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ሥዕል ዘርግተው ነበር፤ ደጁ ላይ ፏፏቴ አለ።

«ግን ፏፏቴው ለምንድን ነው?»

«ክቡር አባል፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው መንፈሱ እንዲረጋጋ ነው።»

«ወረፋውን ብታሳጥሩትስ?»

«እንግዲያ ፏፏቴውን ማን ያየዋል?» አሉ ሚኒስትሩ። አልሳቁም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሚያዳምጡት የገንዘብ ሚኒስትሩ ነበሩ። ሰው ሁሉ ተናደዋል ብሎ ያስባል። ምሥጢሩ ሌላ ነው። የገንዘብ ሚኒስትሩ እምቢ የሚል አፍ አልተፈጠረላቸውም። ባልደረቦቻቸው ለምንጣፍ፣ ለመኪና፣ ለልምድ ልውውጥ ጉዞ ገንዘብ ሊለምኑ ሲመጡ፣ «በበኩሌ ደስ ይለኛል» ይላሉ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰውዬው ግን ይሰማሉ» ይጨምራሉ። ለማኙ ምንጣፉን በሐሳቡ ጠቅልሎ ይወጣል። በዚህ ያልተመለሰ ከሆነ ሌላ መላ አላቸው፦ በጀት ለምክር ቤቱ ሲያነቡ፣ የማይወዱት ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ቀስ ብለው ያነባሉ። ማንም ከማንም አልተማከረበትም። ብቻ መነጽሩ ሲወልቅ ክቡር ግን ይነሣሉ። የአገሪቱ ካዝና እስከ ዛሬ የቆመው በዚህ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ የአምባሳደርነቱን ወሬ ሲሰሙ የገንዘብ ሚኒስትሩ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ማሟያ በጀቱ የሚቀርበው በማግስቱ ነው። ፏፏቴውስ ይሁን፤ ከሕንፃው ጋር ግን አንድ አንቀጽ ተሰፍቷል፦ የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያበቃ የውጭ ዜጋ ሁሉ ከአገር ይውጣ፣ ማደሻውን ካገሩ ሆኖ ይጠይቅ፣ መልሱን እዚያው ይጠብቅ ይላል። የገንዘብ ሚኒስትሩ ይህ በካቢኔ ሲጸድቅ «ዝም አይነቅዝም» ብለው አጎንብሰው ነበር። ዝምታው ያልነቀዘው እቤታቸው እስኪገቡ ድረስ ነው።

እቤት እናታቸው አሉ። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ የምታነሣቸው፣ የምታጥባቸው፣ መድኃኒት የምታስውጣቸው ከጎረቤት አገር የመጣች አስታማሚ ናት። ከሷ በፊት ሦስት ሴቶች ተቀጥረው ነበር፤ ሦስቱንም አልቅሰው እንዲሄዱ አድርገዋቸዋል። ይችኛዋ መልሳ ትቆጣቸዋለች፤ ተስማሙ። ፈቃዷ የሚያበቃው በዚሁ ወር ነው።

«ሰውዬው ሊሄድ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አሉ እናትየው ቴሌቪዥኑን እያዩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ገንዘቡን የያዝከው አንተ አይደለህ? ሰው ከተገዛ ከፋዩ አንተ ነህ።»

«አልገዛሁም።»

«ምነው በገዛኸውና እዚሁ ባስቀመጥከው!»

«እማማ፣ አፍ ይከፈት» አለች አስታማሚዋ ኪኒኑን ይዛ።

«ይቺ ከሄደች ደግሞ አፌን ለማንም አልከፍትም። ለሐኪምም፣ ላንተም።»

«እኔ መድኃኒት መስጠት አያቅተኝም እኮ።»

«አንተ? ‹በበኩሌ ደስ ይለኛል› ብለህ ይዘኸው ትቆማለህ እንጂ!»

አስታማሚዋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትስቅ ነበር፤ ሲቆይ ግን ሳቅ ብቻ አይመስልም።

በማግስቱ ምክር ቤቱ ሞላ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ማሟያ በጀቱን እያነበቡ አንቀጹ ላይ ደረሱ። መነጽራቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው፣ ቃላቱን አንድ በአንድ መሬት እንደሚያስቀምጥ ሰው አነበቡ። ቀና አሉ።

ክቡር ግን ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ሚኒስትሩ ውኃ ጠጡ። «ለግልጽነት ያህል» አሉና እንደገና አነበቡት። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ድምፁ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። ክቡር ግን አሁን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈዋል፤ አንድ ብርዳም አገር የደረሰ ሰው ይመስላሉ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ሁለት ጊዜ አንብበውታል» አሉ አፈ ጉባኤው።

«ሥርዓተ ነጥቡን ዘልዬ ከሆነ ብዬ ነው» አሉ ሚኒስትሩ፤ ላብ በጆሮ ግንዳቸው እየወረደ ለሦስተኛ ጊዜ ጀመሩት። የኢሚግሬሽን ሚኒስትሩ በአንቀጻቸው ውበት ልባቸው ተነካ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ አብረው በከንፈራቸው ያነቡ ነበር።

ሦስተኛው ንባብ አለቀ። አፈ ጉባኤው መዶሻውን አነሡ።

«ግን» አለ አንድ ድምፅ።

ምክር ቤቱ ተነፈሰ።

«ግን፣ ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ሚኒስትሩ ሦስት ጊዜ አንብበው ያልተዋጠላቸውን እኔ በአንድ ጊዜ እንዴት ልዋጠው? ቤት ውስጥ የተቀመጠን ሰው አስወጥተን፣ በሩን ዘግተን፣ ‹አንኳኳ› ልንለው ነው? ሰዎቹ ሁሉ ከወጡስ ያ ሁሉ ፎቅ ውስጥ ማን ሊሰለፍ ነው? ፏፏቴውን ዘበኛው ብቻውን ሊረጋጋበት ነው? ደግሞ እስቲ እንነጋገር፤ እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ እናቱን በገዛ እጁ የሚያጥብ ማን ነው? እጁን ያውጣ!»

እጅ አልወጣም። የመንግሥት ወንበሮች ላይ ብዙ ሰው ጫማውን ማየት ጀመረ። አንቀጹ ተመልሶ ለቋሚ ኮሚቴው ይመራ የሚለው ሐሳብ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ተቃውመው ሊያወጡት የሚገባቸው እጆች እንደ ረጠበ ጋቢ ከበዱ። የገንዘብ ሚኒስትሩ በፓርቲ ሥርዓት የተቃውሞ እጃቸውን አወጡ፤ እስከ ጆሯቸው ድረስ ብቻ። ቆጣሪው ራሳቸውን የሚያክኩ መስሎት አለፋቸው።

አንቀጹ ወደ ቋሚ ኮሚቴው ሄደ። ቋሚ የተባለበት ምክንያት አለ፤ እዚያ ገብቶ ቶሎ የተነሣ ነገር የለም። እስከዚያው ፈቃድ የሚታደሰው በድሮው ደንብ ነው፣ እዚሁ።

ሲወጡ ዝናብ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ጃንጥላቸውን ዘረጉና በደረጃው ላይ ጋዜጣ ራሳቸው ላይ የያዙትን ሰውዬ ሲያዩ ሳያስቡት ጠጋ አሉ።

«ምነው ያን ያህል ዝም አሉ?» አሉ በሹክሹክታ። «ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ!»

«እስቲ ስንት ጊዜ ያነቡታል ብዬ ነው» አሉ ክቡር ግን። «ሦስተኛው ላይ ደስ አለኝ፤ አራተኛም ቢያነቡ እጠብቅ ነበር።»

«እኔኮ እውነትም ሊሄዱ ነው ብዬ...»

«እናትዎ ማታ ደውለውልኝ ነበር። ‹ልጄ ደኅና ልጅ ነው፣ አፍ ብቻ የለውም፤ አንተ ደግሞ ከአፍ በቀር ምንም የለህም› አሉኝ። ግን እዚህ ላይ አልተስማማሁም።»

የገንዘብ ሚኒስትሩ ጃንጥላውን ትንሽ ወደ ሰውዬው አዘነበሉ፤ የገዛ ትከሻቸው መርጠብ ጀመረ።

በዚህ መካከል አንዲት ጋዜጠኛ ኩሬውን ዘልላ ደረሰች። «ክቡርነትዎ፣ አምባሳደር ተደርገው ሊሾሙ ነው፣ ካፖርትም ገዝተዋል፣ መሃል ገብተው የጨረሱትም የልብ ወዳጅዎ የገንዘብ ሚኒስትሩ ናቸው ይባላል። ምን ይላሉ?»

ክቡር ግን ዝናቡ እንዳያገኛቸው የጃንጥላውን እጀታ ከሚኒስትሩ እጅ በላይ ጨብጠው ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ሐሰት ነው» አሉ። «ማንም አልሾመኝም፤ ቢሾመኝም አልሄድም። ካፖርት የለኝም። እኚህን ሰውዬ ደግሞ ከምክር ቤት ውጪ አላውቃቸውም።»