ለእትዬ ዘይነባ ያነበብኩት ወረቀት

እንግሊዝኛ ክፉ ነገር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ መንገድ ያስጀምረዋል። ወተት ሲበላሽ «ጎ ባድ» ይላል፤ ወደ መጥፎ ሄደ እንደማለት ነው። ሰው ሲያብድ «ጎ ማድ»፣ ዕቃ ሲጠፋ «ጎ ሚሲንግ»። ሲታመም ደግሞ «ፎል ሲክ»፤ ታሞ ወደቀ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ኮልፌ ውስጥ ይህን ሳስተምር፣ አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ወተቱ የት ሄደ?» ብሎኛል። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ደግ ነገር ሲሆን ግሡ ይገለበጣል፤ ሕልም እውን ሲሆን «ከም» ነው፣ ይመጣል። ክፉው ይሄዳል፣ ደጉ ይመጣል። ሽማግሌ ቢመርቅ ከዚህ በላይ ምን ይላል?

የኛ አማርኛ በወተት አይቸገርም። ወተቱ ኮመጠጠ፣ ዳቦው ሻገተ፣ ሥጋው ሸተተ። አንድ ቃል፣ አለቀ። የምንቸገረው ሰው ላይ ስንደርስ ነው። እዚያ ጋ «ትንሽ» የምትባል ቃል ትገባለች። እገሌን «ትንሽ አሞት ነው» ከተባሉ፣ አንባቢዬ፣ ሥራዎን ጥለው ይነሱ። በሕይወት ከደረሱበት ዕድለኛ ነዎት።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሩ ወረቀት አንባቢ ሆኛለሁ። እንግሊዝኛ የተጻፈበት ነገር ሁሉ፣ ከመድኃኒት ካርቶን እስከ ልብስ ማጠቢያ ማሽን መመሪያ፣ እኔ ቤት ሳይደርስ አይቀርም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጣው ግን ፖስታ ነበር። ይዘውት የመጡት ጎረቤቶቼ እትዬ ዘይነባና ባለቤታቸው ሐጂ ሙዘይን ናቸው።

እትዬ ዘይነባ መጋረጃ ይሰፋሉ። ከኮልፌ እስከ አየር ጤና ያለ ባለ መስኮት ሁሉ ያውቃቸዋል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን የሚሰፉት መጋረጃ በአንድ በኩል ማጠር ጀመረ። ማን ይነግራቸዋል? ሁላችንም «እጅዎ ይባረክ» እያልን ሰቀልነው። የኔም ሳሎን በግራ በኩል ቁርጭምጭሚቱን ያሳያል። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው የሴትዮዋን ዓይን ድካም በየመስኮቱ ሰቅሎ ዝም ብሎ ነበር።

በመጨረሻ ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙም እንደ አገሩ ሐኪም ለበሽተኛዋ አልነገረም፤ «ቤተሰብ ይዘው ይምጡ» አላቸው። የሚመጣ ሰው እንደሌለ ሲነግሩት የባለቤታቸውን ስልክ ጠይቆ መዘገበና፣ የሚለውን በወረቀት ጽፎ በፖስታ ሰጣቸው።

ሐጂ ገና ሳይቀመጡ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። የልጃቸው ሰርግ ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ሕክምና ካለም ከሰርጉ በኋላ ይደርሳል፤ የሙሽራ እናት ዓይኗን አስራ እንግዳ አትቀበልም። ይህን ሁሉ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ተናገሩ። እትዬ ዘይነባ ፖስታውን አቀበሉኝ። እኔ ወረቀቱን ዘረጋሁ።

አራት መስመር ነው። ግራ ዓይኗ አልቆለታል፣ የቀኙ ግፊት እየባሰበት ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘች «ጎ ብላይንድ» ትሆናለች፣ ዓይነ ስውር፣ ይላል። ያን ግሥ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላውቅም። ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ሻርፑን እያስተካከለ አይቼው ግን አላውቅም ነበር። ቀና ስል እትዬ ዘይነባ አፍጥጠው ያዩኛል፤ ወይም ወደ እኔ ዞረዋል፤ የትኛው እንደሆነ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

እኔም፣ ሠላሳ ዓመት «በትክክል ተርጉሙ» ስል የኖርኩት ሰው፣ ተረጎምኩ። ትንሽ ግፊት ቢጤ አለ፣ የሚያሰጋ አይደለም፣ ጊዜ ሲገኝ መታየቱ ጥሩ ነው አልኩ። አራቱ መስመር ይህን ሆነ። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ፤ እንግዲያው ከሰርጉ በኋላ» ብለው ተነሡ። እትዬ ዘይነባ ሳይሰናበቱኝ ወጡ።

እሑድ ጠዋት ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። አልተቀመጡም።

«ቲቸር፣ እርስዎ ማንበብ አይችሉም እንዴ?»

ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠየቅኋቸው።

«መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ልጅ ሐሙስ ዕለት አንብባልኛለች። ዓይንሽ ሊጠፋ ነው አለችኝ፣ እንዲሁ፣ የብሬን መልስ እየሰጠችኝ።»

ለመሆኑ ካወቁ ለምን ወደ እኔ አመጡት? አልኳቸው።

«ለሐጂ እንዲነግሩልኝ ነዋ! እኔ ብላቸው ሴት ስለሆነች ፈርታ ነው ይላሉ። እርስዎ ካነበቡት ግን ይደነግጡልኛል ብዬ ነበር። ማስደንገጥ አቅቶዎት ሁለት ወር አስፈረዱብኝ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ የደበቅኩት የሰው በሽታ ነው፣ ያውም ከበሽተኛዋ ሳይሆን መድኃኒቱን ከሚያመጡት ከሐጂ። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ ፊቴንም ሳልታጠብ፣ ሐጂ ፕላስቲክ ዕቃ ወደሚሸጡበት ወደ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረድኩ።

ሐጂ በባልዲና በጆግ መሐል ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከበር ሳልገባ ጀመርኩ። ትናንት ዋሽቻለሁ፣ የሚስትዎ ዓይን ሊጠፋ ነው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው ያለን፣ ሰርግ የሚባል ነገር አልሰማም አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚህ ያለ ጥሬ አማርኛ ተናግሬ አላውቅም።

ሐጂ ተነሥተው በሩን መለስ አደረጉና በርጩማ ሰጡኝ።

«ቀስ ይበሉ፣ ሰው ይሰማል። ሐኪሙ ዓርብ ደውሎልኛል።»

«እና ያውቃሉ?»

«ቀዶ ሕክምናው ለማክሰኞ ጠዋት ተቀጥሯል። ከሰርጉ በኋላ ያልኩትም እንዳትጠረጥር ነው። ለሰርግ ልብስ ልግዛልሽ ብዬ ይዣት እወጣለሁ። እዚያ ከደረስን በኋላ አላህ ያውቃል። ቅዳሜ ወረቀቱን አስነብብልኝ ስትለኝ የፈራሁት እርስዎን ነበር፤ አንድ ባንድ የሚያነቡላት መስሎኝ።» እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አላህ ይስጥልኝ ቲቸር፣ ጥሩ አድርገው ዋሹልኝ።»

ምስጋና ሲያስደነግጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሰውየው ሚስቱ ዓይኗ ሊቀደድ መሆኑን እንድታውቅ ያሰበው ቀዳጅ ሐኪሙ ቢላውን ይዞ ሲገባ ነው። ያውም ከፍቅር የተነሣ!

ስመለስ እትዬ ዘይነባ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ነገሩን አሰላሰልኩት። መሸፋፈንን ቅዳሜ ሞክሬዋለሁ፤ ውጤቱን አይቻለሁ። ስለዚህ ሳልቀባባ ነገርኳቸው፤ ሐጂ ከዓርብ ጀምሮ ያውቃሉ፣ ማክሰኞ ልብስ እንግዛ ሲሉዎት የሚሄዱት ሆስፒታል ነው።

እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው፣ «እኔ እንዳወቅሁ አይንገሯቸው» አሉ። «ያታለሉኝ ይምሰላቸው፤ ይበረታሉ።»

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ታክሲ ጋ አየኋቸው። ሐጂ መርካቶ ስላለ ጨርቅ ቀለም እያወሩ ነው። እትዬ ዘይነባ በአንድ እጃቸው ፔርሙዝ፣ በሌላው ጋቢ፣ ፎጣና ነጠላ ጫማ የታጨቀበት ዘንቢል ይዘዋል። ጨርቅ ለመግዛት ነጠላ ጫማ ለምን እንዳስፈለገ ሐጂ አልጠየቁም። ዘንቢሉን ብቻ ተቀበሏቸው።

የግራው አልተመለሰም። የቀኙ ተረፈ። ፋሻው በተፈታ በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ገባሁ። ሐጂ አጠገባቸው ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። እትዬ ዘይነባ ወደ ብርሃኑ ጠጋ እንድል በእጃቸው ጠሩኝና ከግንባሬ እስከ አገጬ ቀስ ብለው አዩኝ።

«ቲቸር፣ ይህን ያህል አርጅተዋል?» አሉ። «ምነው፣ ማንም አልነገረኝም?»

ለእኔም ማንም አልነገረኝም ነበር።