በነጠላ የተለካው ቶርክ ሮድ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር ውስጥ አንድ ባለ አሥር ጎማ መኪና በጎኑ ሲሄድ አይታችሁ የሳቃችሁ ካላችሁ፣ የሳቃችሁት በእኔ ነው!

ጋቢና ውስጥ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብላ የተቀመጠችው አሮጊት እኔ ነበርኩ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። አትቸኩሉ፣ ውርደቱ የትም አይሄድብንም።

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ቪዲዮ ታስታውሳላችሁ? ካቶ የሚባለውን መካኒክ በገዛ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ቆሜ «ሌባ!» ያልኩበትን? እንዴት ትረሱታላችሁ! ምሳ ሳይደርስ ሼር አድርጋችሁ ጨርሳችሁታል።

ጠቡ እንዲህ ነው። ማቶኬ የሚሉትን የሚቀቀል ሙዝ የምናመላልስበት መኪናዬ ከኋላ «ጓ! ጓ!» ማለት ጀመረ። ካቶ ከሥሩ ገብቶ አየና «ጃጃ፣ ቶርክ ሮዶቹ አልቀዋል፤ አራቱም ይቀየሩ» አለኝ። ጃጃ እዚህ አገር አያት ማለት ነው።

ቶርክ ሮድ ለማታውቁት፣ የኋላውን አክስል ከሻንሲው ጋር የሚያያይዝ ክንድ የሚያክል ብረት ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ ጎሚኒ የምንለው የጎማ ቀለበት አለው። ሥራው አክስሉ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳይሸሽ መያዝ ነው።

እኔም አጎንብሼ አየሁ። ጎሚኒው የተበጣጠሰው የአንዱ ብቻ ነው!

«አንዱ ስለታመመ አራቱን ልትቀብር ነው?» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያልኩትን በቪዲዮው ሰምታችኋል።

እኔ ግፍ አልወድም። ሰልፍ ያፋለሰ ሰው ካየሁ፣ ባንክ ቤትም ይሁን ለቅሶ ቤት፣ ክንዱን ይዤ ከኋላ አሰልፈዋለሁ። ታዲያ መካኒክ ሲያታልለኝ ዝም ልበል?

«ራሴ እቀይረዋለሁ!» አልኩ።

አትሳቁ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። መኪናው በተበላሸ ቁጥር አጠገቡ ቁጭ ብዬ መፍቻ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥሩን ከሃያ ሁለቱ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ።

ማቀበልና መፍታት ለካ ለየቅል ሙያ ናቸው!

አሮጌው ብረት ገና መኪናው ላይ ስለነበር ነጠላዬን ከጎኑ ዘርግቼ ለካሁና ሁለት ቦታ ቋጠርኩ። ይዤ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሰፈር፣ ወደ ኪሰንዪ ወረድኩ።

የመለዋወጫ ነጋዴው «የመኪናውን ሞዴል ይንገሩኝ፤ ካልሆነም አሮጌውን ያምጡት» አለኝ።

«ልኩ ይኸውልህ!» ብዬ ነጠላዬን አወጣሁ። እንዳይሸውደኝ አንዱን ጫፍ ለእሱ ሰጥቼ ሌላውን እኔ ያዝኩ። «ሳብ!» አልኩት። ሳበ። እኔም ሳብኩ። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ልክክ ያለውን ብረት መርጬ መጣሁ።

መኪናው ሥር ስለካ ግን ነጠላዬ ዘና ብሎ ነበር የተዘረጋው። ሱቅ ውስጥ እንደ ከበሮ ተወጠረ።

አያችሁ? እኔ ዛሬ ነው ያየሁት!

ትናንት ከሹፌሬ ከደጀኔ ጋር ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈን ሥራ ጀመርን። አሮጌው ወጣ። አዲሱ አልገባም አለ።

ደጀኔ ጢሙ የሸበተ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። ከሥር ሆኖ «እማማ፣ ይሄ ነገር የረዘመ ይመስለኛል» አለኝ።

«አዲስ ስለሆነ ነው!»

አክስሉን በክሪክ ገፋን፣ ገፋን፣ በመጨረሻ ቡሎኑ ቀዳዳውን አገኘ። እልል አልኩ!

ዛሬ ጠዋት ዝም ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ምን ነበረበት? «ደጀኔ፣ በካቶ ጋራዥ በኩል እለፍ!» አልኩ። ላሳየው ነዋ! ለእናንተም ሁለተኛ ቪዲዮ ልቀርጽ።

ደጀኔ መሪውን አጣሞ ሲይዘው መኪናው ቀጥ ይላል። መሪውን ሲያቀናው መኪናው ይጣመማል።

«እማማ፣ ደህና አይደለንም።»

«መንገዱ ነው!»

ቦዳ የምንላቸው ባለ ሞተር ታክሲዎች እያፏጩ ዳር ይይዛሉ። እኔ ደግሞ ያደነቁኝ መስሎኝ እጄን አወዛወዝኩላቸው!

ካቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን ቆየ።

«ጃጃ፣ ፊቱ ወደ እኔ መጥቷል፤ ኋላው ግን ወደ ጋባ ሰፈር እየሄደ ነው። የትኛውን ላስተናግድ?»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ።

ካቶ ሜትር ይዞ ከሥር ገባ። የእኔ ብረት ከማዶ ካለው ጓደኛው በሁለት ጣት ይረዝማል። አክስሉን በአንድ ወገን ገፍቶ አጣሞታል። ቀጥሎ ደህና ናቸው ባልኳቸው በሦስቱ ሥር የብረት ዘንግ አስገብቶ ፈነቀለ። «እጅዎን ይዘርጉ፣ ጃጃ።» ዘረጋሁ። ጎሚኒው እንደ ደረቀ ዳቦ እየተፈረፈረ መዳፌ ላይ ወረደ።

የሦስቱም።

ሰውየው ልክ ነበር።

ቀረጻውን አቆምኩ። የምታውቁኝ ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ያኔ ነው ግቢውን ያስተዋልኩት። የሐበሻ ደንበኞቹ መኪኖች ተደርድረው የሚቆሙበት ቦታ ባዶ ነው።

«ከቪዲዮው ወዲህ ከእናንተ ሰው የመጣ የለም» አለኝ ቡሎን እየፈታ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጠጋ ብዬ በጆሮው «ይቅርታ» አልኩት።

«ጃጃ፣ ስድቡ ማኬሬሬ ድረስ ተሰምቷል። ይቅርታው ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው?»

ስንቱን ክንዱን ይዤ ከኋላ አሰልፌያለሁ። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ።

ስለዚህ በዚያው ስልክ፣ በዚያው አፌ እናገራለሁ፦ ካቶ ሌባ አይደለም! ካቶ ሐቀኛ መካኒክ ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መኪናዬም አሁን እሱ ጋ ነው፤ አራቱንም እየቀየረልኝ ነው። ልኩን የሚወስደው በሜትር ነው።

ይህንኑ ምሳ ሰዓት ላይ አሳጥሬ ለጥፌው ነበር። እስካሁን ሁለት ላይክ አግኝቷል። አንዱ የደጀኔ ነው።

ሌላው የራሴ ነው።

ልጆቼ፣ ስድቤን በአንድ ጠዋት ካምፓላን ያዳረሳችሁት ሰዎች፣ ይቅርታዬ ላይ ሲደርስ ነው ኔትወርክ የጠፋው?