ጄኔቭ ላይ ያቆየሁት ዝምታ

ይህን ለማንበብ ለምትታገሉ ሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ነው። ፊደልም እገድፋለሁ፤ ስድስተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ነው ከአገር የወጣሁት።

ሰው ዓይናፋርን ለማዳን ለምን እንደሚቸኩል አይገባኝም። ጉንፋን የያዘውን «አይዞህ፣ ያልፋል» ብለው ይተዉታል። ዓይናፋር ካዩ ግን መድረክ ይፈልጉለታል።

አክስቴ ጽጌ ዋናዋ ሐኪሜ ናት። ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር አብረን ነው የምንኖረው። ጴንጤ ናት፤ ስትጸልይ ትራም ይቆማል ብል ያጋነንኩት ትንሽ ነው። አንድ ቀን ከጄኔቭ የጸሎት ግብዣ መጣ። የየአገሩ ክርስቲያን ተሰብስቦ አንዲት አጭር መስመር ደጋግሞ ይዘምራል፣ መዝሙረ ዳዊት ይነበባል፣ ከዚያ በሥዕልና በሻማ ፊት ዝም ይባላል። ዝምታው የሚያበቃው አንድ ሰው ብቻውን መዝሙር ሲጀምር ነው። የአሁኑ በአማርኛ ይሁን ሲባል፣ አክስቴ እኔን ሳትጠይቅ «የእኔ ልጅ ትጀምራለች!» አለች።

ጎረቤታችን ጋሽ ደምሴ ጡረተኛና ኦርቶዶክስ ናቸው፤ አብረውን ሲሄዱ ይህን ባቡር ውስጥ ሰሙ። «ይቺ? በሁለት ዓመት ውስጥ እግዚአብሔር ይመስገን እንኳ ያለችኝ በአንገቷ ነው!» አሉ። አክስቴ ተቆጣች። ካልዘመረች ሁለተኛ ልጅ አሳደግሁ ብዬ አፌን አልከፍትም አለቻቸው። እንግዲህ የአክስቴ ክብር ጉሮሮዬ ውስጥ ተቀመጠ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጋሽ ደምሴ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አወለቁ። ከኋላ የመጡት ስዊሶች ሕግ መስሏቸው አወለቁ። ሕግ የመሰለውን የማይፈጽም ስዊስ የት አለ? ጋሼ ለክርስቶስ ሥዕል ሰግደው እዚያው ፊት ተቀመጡ። አክስቴ ግን «እኔ ሥዕል እያየሁ አልጸልይም» ብላ ወደ ኋላ ጥግ ወሰደችኝና፣ ገና ምንጣፉ ላይ ስንቀመጥ ዓይኗን ጨፈነች።

ያችን መስመር ሲደጋግሟት መጀመሪያ መቼ ነው የሚበቃቸው አልኩ። አሥረኛው ላይ ግን ቃሉ ከአፌ ወደ ደረቴ የወረደ መሰለኝ። ደስ ይል ነበር።

ከዚያ ዝምታው መጣ። አሥር ደቂቃ ሲሞላ አዘጋጇ ማዳም ኮሌት ከፊት ሆነው በዓይናቸው ጀምሪ አሉኝ። አልጀመርኩም። አሥራ አምስት ሆነ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሃያ ሆነ። አንዱ ስዊስ ሰዓቱን አየና፣ ማየቱ አሳፍሮት እጁን እጅጌው ውስጥ ደበቀ። ባቡራችን ያለ እኛ ወደ ዙሪክ ሄደ። ሠላሳኛው ደቂቃ ላይ ዘመርኩ። ድምፄ እንደ ፈራሁት አልነበረም።

ሲያልቅ ማዳም ኮሌት እንባቸውን እየጠረጉ መጡ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ዝምታ አይተው አያውቁም፤ ያን ያህል እንደሚያስፈልገን እንዴት አወቅሽ አሉኝ። መልስ አልሰጠኋቸውም። እሱም ጥልቀት ተብሎ ተቆጠረልኝ። ጋሼ ግን እስከ ዙሪክ «የፍርሃት ዝምታ» እያሉ አሾፉብኝ። አክስቴ «ዘምራለች፣ አለቀ!» ብላ ተሟገተችልኝ። እሁድ ደግሞ ጉባኤዋ ፊት ቆማ፣ ዝምታ ውስጥ መንፈስ እንዳገኛት መሰከረች።

ለማንም ያልነገርኩት ይህን ነው። አልፈራሁም። ማዳም ኮሌት ሲያዩኝ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አክስቴ ዓይኗን እንደ ጨፈነች ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ኦርሊኮን ሰፈር ቢሮ ታጸዳለች፣ ከሰዓት ደግሞ ሌላ ቦታ፤ እንደዚያ አርፋ አይቻት አላውቅም። እንዴት ልቀስቅሳት? ያ ሁሉ ሰው ተንበርክኮ እግዚአብሔርን ሲጠብቅ፣ እኔ የምጠብቀው አክስቴ እስክትነቃ ነበር።